መድኃኒት ከመድኃኒት አይደረብም

ሰኞ፣ ጥር 4። ከጧቱ 1፡15

ሰባተኛው ቀን። ዛሬም አላዞራቸውም። ሐጃ ከአልጋ ተነሡ፣ ግድግዳ ሳይዙ መታጠቢያ ቤት ደረሱ፣ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ከሱጁድ ሲነሡ እንኳ አልተንገዳገዱም። እኔ ሙቅ ውሃ የያዝኩ መስዬ በር ላይ ቆሜ አይ ነበር። የመጨረሻ ገጽሽ ላይ ወዳሰመርኳት ሠንጠረዥ ሄጄ «የለም» ጻፍኩ።

አዎ ደብተሬ፣ ሠንጠረዥ። ሳቂብኝ። አምስት ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆኜ በቀበሌያችን ቤት ለቤት ስዞር የለመደብኝ ነው። ሰው ታሞ መዝገብ ካልከፈትኩ እጄን ይበላኛል። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። ጅዳ መጥቼ የሰው ቤት ወለል ስወለውልም አለቀቀኝ።

ላስታውስሽ፣ አንዳንዴ ትረሻለሽ። ሐጃ የማዳም እናት ናቸው። ከሰባ አልፈዋል። ሦስት ወር ሙሉ ከአልጋ ሲነሡ ቤቱ ይዞርባቸው ነበር። ሁለቴ ወድቀዋል፣ አንዱ ክንዳቸው እስካሁን ጠቁሯል። የደም ግፊት ኪኒን አላቸው፣ የጆሮ ሐኪምም አይቷቸዋል። ማዞሩ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ እኔ እናቴ ከደሴ የላከችልኝን ዱቄት አወጣሁ። እናቴ በማዞር መድኃኒት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ከየአቅጣጫው ይመጡባታል።

ሠንጠረዡ እንዲህ ይላል። ከዱቄቱ በፊት ያለው ሳምንት፦ አለ፣ አለ፣ አለ፣ እስከ ሰባት። ከዱቄቱ በኋላ፦ አለ፣ አለ፣ ትንሽ፣ የለም፣ የለም፣ የለም፣ የለም።

ስሙን አንቺም ላይ አልጽፈውም። ስሙ የተነገረ መድኃኒት ኃይሉ ይሄዳል ትላለች እናቴ።

ረቡዕ፣ ጥር 6። ከቀኑ 10 ሰዓት

ማዳም ዛሬ ለእህቷ በስልክ ስታወራ በጆሮዬ ሰማሁ። ዶክቶራ ነው ያለችኝ። ሐኪሞቹ ያልቻሉትን የእኛ ዶክቶራ በሦስት ጉንጭ አዳነችው አለች። ወጥ እያማሰልኩ አንገቴ ረዘመ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ አለኝ። አራት ዓመት እዚህ ቤት ስኖር ስለ ጥብስ እንጂ ስለ ጭንቅላቴ ተመስግኜ አላውቅም።

ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ነገረችኝ። ለረመዷን ሀገሬ ልገባ ነው። የመውጫና መመለሻ ወረቀቱን፣ ኹሩጅ ወዐውዳውን፣ ራሷ ልታወጣልኝ። ሐያት ልጄን ጥያት ስመጣ አምስት ዓመቷ ነበር፣ አሁን ዘጠኝ ሞላት። በሽንኩርት አላመካኘሁም። ቆሜ አለቀስኩ።

ሌላም አለ። ሐጃ ስእለት አለባቸው። ታላቅ እህታቸው አምና ሞታለች፣ በእሷ ስም ትንሹን ሐጅ፣ ዑምራ፣ አድርገው በካዕባ ዙሪያ ሰባቱንም ዙር ጠዋፍ በእግራቸው ሊዞሩ ተስለዋል። እንኳን ሰባት፣ አንድ ዙርም በተሽከርካሪ ወንበር አልዞርም ብለዋል። ወንበር ላይ ተቀምጬ የምዞረው ገበያ ነው አሉ። ማዳም በማዞሩ ምክንያት ስትከለክላቸው ከርማ አሁን እሺ አለች። ጥር 21፣ ሐሙስ፣ መካ እንሄዳለን። እኔ አጠገባቸው ሆኜ ልይዛቸው።

እሺ ያለችው እኔን አምና ነው።

እሑድ፣ ጥር 10። ከጧቱ 4 ሰዓት



የሐጃን የሶላት ልብስ ከማጠቢያው ሳወጣ ኪሱ ነጭ ሊጥ ሆኗል። ሶፍት መሰለኝ። ገለበጥኩት። መሐል ላይ ግማሹ ያልሟሟ ኪኒን፣ ወገቡ ላይ መስመር ያለበት። አውቀዋለሁ። በየጧቱ በትንሽ ሳህን የማቀርብላቸው የደም ግፊት ኪኒን ነው። ቅርጫት ውስጥ የነበረውን ሌላውን ልብስ ፈተሽኩ። እሱም ኪስ ውስጥ አራት አሉ፣ በሶፍት ተጠቅልለው።

ከመቼ ጀምሮ?

እሑድ፣ ጥር 10። ከቀኑ 7፡30

ማዳም ሥራ ላይ ናት። በሩን ዘግቼ ሐጃን ጠየቅኳቸው። አልካዱም። እንዲያውም ገረማቸው። አንቺው አይደለሽ እንዴ ያዘዝሽኝ አሉ።

አንብቢኝ ደብተሬ፣ ይሄን እንዳትረሺ። ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ ጧት፣ የመጀመሪያውን ጽዋ ስሰጣቸው እናቴ ለበሽተኛ የምትለውን ሁሉ ቃል በቃል ወደ ዓረብኛ እየመለስኩ አልኩ። በባዶ ሆድ ነው። ፊት ወደ ቂብላ ነው። ሦስት ጉንጭ ነው። ስሙ አይጠየቅም። የሰጠ ሰው አይመሰገንም። መድኃኒት ከመድኃኒት አይደረብም።

አልኩት። ከልጅነቴ ስሰማው ያደግኩት ነው፣ እንደ ቢስሚላህ ከአፌ ወጣ። ምን እንዳልኩ እንኳ ጆሮዬ አልሰማም። እሳቸው ግን ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪኒኑን ምላሳቸው ሥር ይዘው እኔ ዞር ስል ይተፉታል። በሳህን የማቀርበው እኔ፣ አይዋጡ ያልኩት እኔ። ለልጃቸው ያልነገሩት እንዳትጮህባቸው ነው፣ ለእኔ ያልነገሩኝ የማውቅ መስሏቸው ነው።

እኔ! በየቤቱ እየዞርኩ «እማማ፣ ጸበሉም ዱዓውም ቅጠሉም ይሁን፣ ኪኒኑን ግን እንዳያቋርጡ» ስል የኖርኩ ሴት!

የማዳምን የግፊት መለኪያ አምጥቼ ለካሁ። 176 በ98። ደግሜ ለካሁ። 178 በ98።

ኪኒኑን ዛሬውኑ ይዋጡ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ። ሲውጡት ያዞራቸው ነበር፣ ሲተዉት ተዋቸው፣ ምን ፈልገሽ ነው አሉ። ለማዳም ልንገር አልኩ። ያኔ እጄን ያዙኝ። ከነገርሻት መካ ቀረ፣ እህቴ በቀብሯ ትጠብቀኛለች አሉ። ጠዋፌን እስክጨርስ ይሄ ነገር አንቺ ዘንድ አማና ነው፣ አደራ አሉኝ። አማና ሲሉኝ እሺ አልኩ መሰለኝ። ራሴን ነቅንቄያለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 11። ጧት

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። መጥፎ ይሁን ጥሩ አላውቅም። ማዞሩን ያቆመው ዱቄቱ ከሆነ ኪኒኑን ቢመልሱም አያዞራቸውም፣ ያኔ አሳምናቸዋለሁ። ዱቄቱ ካልሆነስ? ማወቅ አለብኝ። ስለዚህ ዱቄቱን ልከለክላቸው ነው። ሳይነገራቸው።

ስሙን ስለማያውቁት ምን እንደጎደለ አያውቁም። እናቴ ምስጢሩን የምትጠብቀው ለዚህ አልነበረም።

ዝንጅብሉን ብቻ ለብ ባለ ውሃ። ዝንጅብል መጀመሪያም የዋናውን ሽታ መደበቂያ ነው። ቂብላ፣ ሦስት ጉንጭ፣ እንደ ወትሮው። ተነሡ። ማዞር፦ የለም።

ማክ.፣ ጥር 12። ዝንጅብል ብቻ። የለም። ደ/ግ 180/100።

ረቡዕ፣ ጥር 13። ዝንጅብልም ቀረ፣ ውሃው ላይ ትንሽ ሻይ ለቀለም። ሐጃ ቀምሰው ዛሬ ከበድ ብሏል፣ ፍቱን ነው አሉ። ማዞር፦ የለም። ደ/ግ 182/100።

ሐሙስ፣ ጥር 14። የለም። 184/102።

ዓርብ፣ ጥር 15። የለም። አልለካሁም። ፈራሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 16። ከቀኑ 11 ሰዓት

ማዳም ለመጋረጃ ጨርቅ ወደ ሸረፊያ ገበያ ላከችኝ። ጨርቁን በሩብ ሰዓት ገዛሁና ሄለን ዘንድ ሮጥኩ። ሄለን እዚያው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ባሏ አውሮፕላን ጥገና ላይ ይሠራል። ሀበሻው ሁሉ ዶክተር ነው የሚላት። እሷም ማስተካከል ሰልችቷት ትታዋለች።

ሰው እስኪቀንስ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት፣ አንቺንም ገልጬ አሳየኋት። ሠንጠረዡን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ስለ ጽሕፈቴ አመሰገነችኝ፣ ከዚያ ወረደችብኝ።

«ሰዓዳ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጧት ቀይረሽ ያዳነው የትኛው እንደሆነ በምን አወቅሽ?»

ባንድ ጧት አንዱን ብቻ እንደቀየርኩ ነበር የማውቀው አልኳት። እሱ ነው ችግሩ አለች። ቀጥላ ማዞሩ መቼ እንደጀመረ ጠየቀችኝ። ጥቅምት። ኪኒኑስ የተቀየረላቸው መቼ ነው? ወደ ኋላ ገለጥኩ። እዚያው አንቺ ላይ አለ፣ በራሴ እጅ፦ ጥቅምት 11፣ ሐጃ ሆስፒታል ሄዱ፣ አዲስ ኪኒን፣ ትልቁን። ከሦስት ገጽ በኋላ፦ ጥቅምት 16፣ ሐጃ ከአልጋ ሲነሡ አዞራቸው።

ሦስት ወር ሙሉ ጽፌው አላነበብኩትም።

ሄለን እርግጠኛ ነኝ አላለችም። ኪኒኑ ግፊታቸውን ብድግ ሲሉ ከመጠን በላይ እያወረደው ሊሆን ይችላል፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ያጋጥማል አለች። ቢተዉት ማዞሩ ይቆማል፣ ግፊቱ ግን ቀስ እያለ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፣ ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል ወይ ዓይነቱን ይቀይራል፣ ምናልባት ሁለቱንም ያገኛሉ፣ ግፊታቸውም ይወርዳል በእግራቸውም ይዞራሉ አለች። ግን እውነቱ ሊነገረው ይገባል፣ ሐኪም የሚያውቀው የተነገረውን ነው። አንቺም በራስሽ ኪኒኑን እንዳትመልሺላቸው አለችኝ።

ስለ ዱቄቱ ጠየቅኳት። ምን እንዳለበት ንገሪኝ አለች። አልነገርኳትም። ሳቀች። እንግዲያው ይሠራል አይሠራም የሚል ሰው አይኖርም፣ እናትሽም ጭምር አለች።

ተናደድኩባት። እስከ አውቶቡሱ ድረስ እየተናደድኩ ሄድኩ። ልክ ስለሆነች ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 19። ከጧቱ 5 ሰዓት

ለእናቴ ደወልኩ። መድኃኒት ከመድኃኒት አይደረብም ያለው ማነው ብዬ ጠየቅኳት። እናቷ። እናቷስ ለምን አለች? በእኛ ጊዜ ኪኒን የት ነበርና አለችኝ። የሷን ጠጥቶ ደግሞ ከሌላ አዋቂ ዘንድ ሄዶ የሚጠጣ ሰው ሆዱ እንዳይበላሽ የተባለ ነው። አንድ አዋቂ ከሌላው ጋር እንዳይጣላም ነው፣ ያዳንኩት እኔ ነኝ እኔ ነኝ እየተባባሉ። በቃ ይሄው ነው። ሐጃ ለዚህ ነው ኪኒን የሚተፉት።

ስሙንስ ለሐኪም ልንገር አልኳት። ቁጣዋ ተነሣ። እኔ ስሞት ለማን ልተወው ነው፣ አንቺ ገበያ አውጪልኝ አለች። ስልኩ ተቋረጠ፣ ወይ ዘጋችው።

ማዳምን ሁለቴ ልነግራት ተጠጋሁ። ትናንት ከእህቷ ጋር ስለ ሆቴሉ ታወራ ነበር። ዛሬ ጧት የፓስፖርቴን ኮፒ ፈልጋ ወጥ ቤት ገባች፣ ለኹሩጁ። አፌን ከፈትኩ። ኮፒውን ሰጠኋት።

ይኸውልሽ እንግዲህ ጉዴ። አማናውን ነው የምጠብቀው እላለሁ፣ የሐጃን ቃል። ግን ወረቀቴ ባይኖር እስካሁን ዝም እል ነበር? አንቺን መዋሸት አይቻልም፣ በራሴ እጅ ነው የምትጻፊው።

ደ/ግ 190/104። ሐጃ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ራሳቸውን ያማቸዋል። የሐሙስ ደስታ ነው አሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

የመጨረሻ ሙከራ። ሐጃን አልጋቸው ሥር ተንበርክኬ ለመንኩ። ጥቅምት 11ንና ጥቅምት 16ን ነገርኳቸው። ሐኪሙ ሌላ ኪኒን ሊሰጥ እንደሚችል፣ በእግራቸውም ሊዞሩ እንደሚችሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ፊታቸው ላላ ሲል አየሁ፣ ልባቸው ተነካ ብዬ ነበር። ቀጥለው፣ ዱቄቱን አሁንም እየሰጠሽኝ ነው አይደል አሉ።

ከጥር 11 ጀምሮ ውሃ ነው ማለት ነበረብኝ። አዎ አልኩ።

እንግዲያው አላህ ያውቃል፣ ነገ መካ ነን፣ ካላስ፣ በቃ አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ሐሙስ፣ ጥር 21። መካ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

መንገዱ ሰላም ነበር። ኒያቸውን ከቤት አድርገው ለዑምራው ኢሕራም ገብተው፣ ነጭ ለብሰው፣ «ለበይከ» የሚለውን ተልቢያ እንደ ልጅ እየደጋገሙ መጡ። ማዳም ትነዳለች፣ እኔ ከኋላ ከሐጃ ጋር። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። ዓይኔን መስኮቱ ላይ ነበር የማደርገው።

ሆቴሉ አሥራ አንደኛ ፎቅ። ከመስኮቱ የሐረሙ መስጊድ ሚናራዎች ይታያሉ። ከዐስር ሶላት በኋላ ልንወርድ ነው።

ከቀኑ 9፡40

ውሃ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን ሊይዙ እጃቸውን ሲዘረጉ ከብርጭቆው ጎን ያለውን አየር ያዙ። ሳቁ። ደግመው ሞከሩ፣ አሁንም ሳቱት። ሁለት ይሆንብኛል አሉ።

መለኪያውን ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ መጥቻለሁ። 204/112።

ማዳምን ጠራሁ። ቁጥሩን አሳየኋት። ቁጥሩን ብቻ።

ክሊኒክ፣ 10፡30

ኮሪደር ላይ ነኝ። አግዳሚ ወንበር፣ ቀዝቃዛ። ከሆቴሉ አምስት ደቂቃ የማይሞላ ክሊኒክ ነው። ሐጃ ውስጥ ናቸው፣ ልባቸውን በማሽን እያዩላቸው ነው። መርፌ ሰጥተዋቸዋል፣ ማየታቸው እየተመለሰ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እጄ ቶሎ ቶሎ ይጽፋል፣ ታገሺኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ትሑት። ኪኒንዎን በየቀኑ ይወስዳሉ ወይ አላቸው። ማዳም ቀድማ መለሰች። በየጧቱ፣ ሠራተኛችን በእጇ ነው የምታቀርብላቸው አለች። ሐኪሙ ሐጃን አየ። ሐጃ አልማሉም። ኢሕራም ላይ ሆነው መዋሸት የከበዳቸው ይመስለኛል። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ፣ ዓይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። አማና።

ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ አለ። ማዳም በኩራት የሐበሻ መድኃኒት አለች፣ ማዞሯን ያዳነላት። ምን አለበት? ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አላውቅም አልኩ። ሦስት ወር ስጽፍ፣ ስለካ፣ ስመዝን ከርሜ፣ አላውቅም አልኩ።

እንግዲያው የደም ግፊቱ ኪኒን አልበቃቸውም ማለት ነው አለ ሐኪሙ። እጥፍ አደርገዋለሁ። ማዳም ከነገ ጀምራ ራሷ በእጇ ልታስውጣቸው፣ አፋቸውን ልታይ ቃል ገባች። አሁን ወረቀቱን እየጻፈ ነው።

እጥፍ። ግማሹ ሲያዞራቸው የነበረውን። ነገ ማዳም ታስውጣቸዋለች፣ ከዚያ ሐጃ ወንበሩን እምቢ ብለው በእግራቸው የሐረሙ እብነ በረድ ላይ ይወርዳሉ። ሰው በሰው ላይ በሚሄድበት። ሲወድቁ ታየኝ። እኔ ክንዳቸውን ይዤ፣ ምክንያቱን እያወቅኩ።

ቆይ። መጀመሪያ ያንቺን ዕዳ፣ የዱቄቱን ስም።

ጤና አዳም። ጥቁር አዝሙድ። ዝንጅብል። ሦስቱ ብቻ። በየጓሮው የሚበቅል ጤና አዳም። ይኸው ጻፍኩት። እናቴ አትሰማኝም፣ ብትሰማም ትማረኝ።

ይሠራል ወይ? አላውቅም። ይሄኛው አላውቅም እውነት ነው። ምናልባት ሌላ ሰው ላይ ይሠራ ይሆናል፣ አንድ ቀን ብቻውን ይለካ ይሆናል። ሐጃ ላይ ግን የሠራው እሱ አይደለም። ማስረጃው አንቺ ነሽ።

በአማርኛ ስለጻፍኩሽ በዚህ ቤት ማንም አያነብሽም ብዬ ስኮራ ኖርኩ። አሁን ጮክ ብዬ፣ በዓረብኛ፣ እኔው ላነብሽ ነው። ማዳም ፊት። ሐጃ ፊት። ዶክቶራነቴ እዚያው በር ላይ ይቀራል። ኹሩጁም ይቀራል ይሆናል። ሐያት፣ እናትሽ ዘንድሮም ላትመጣ ትችላለች፣ ምክንያቱን ስታድጊ እነግርሻለሁ።

አማና የሰው ዕቃ መጠበቅ ነው። የሐጃ ነፍስም የሰው ዕቃ ናት።

በሩ ተከፈተ። ነርሷ ወረቀቱን ለመውሰድ ማዳምን እየጠራች ነው። ማዳም ተነሣች። እኔም ተነሣሁ። ሐጃ በበሩ በኩል አዩኝ፣ ደብተሩን እጄ ላይ አዩት።

የት እንደምጀምር አውቄያለሁ። የመጀመሪያው መስመር፦ ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ ጧት፣ ኪኒኑን ያቆሙት በእኔ ቃል ነው።